ከፍታ አትልቀቂ

ገበየሁ ስለ በረራ ሲያወራ እጆቹን ላላየ ሰው ወሬው አይገባውም። ቀኝ መዳፉ ሁልጊዜ የራሱ አውሮፕላን ነው፤ ግራው የሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜም የሞተ ሰው። የሚካኤል ማኅበራችን በተሰበሰበ ቁጥር፣ ጠላው አንድ ዙር ከዞረ በኋላ፣ አንዱ «እስቲ ሻምበል፣ ያቺን ድምፅ የቀደምክባትን» ይለዋል። ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። እሱ ግን አንድም ቀን አሳጥሮ ነግሮን አያውቅም።

መዳፉን ዘርግቶ ይጀምራል። አውሮፕላን በዝግታ ሲበር አየሩ መምጣቱን ቀድሞ ይሰማና መንገድ ይለቃል፤ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ግን የሚሰማበት ጊዜ ስለማይኖረው ፊት ለፊቱ ይከመራል። ያን ጊዜ ክንፉን ሽቅብ የሚያነሳው ጉልበት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አፍንጫው ይከብዳል፤ ቅድም በሁለት ጣት ይታዘዝ የነበረው መሪ ድንጋይ ውስጥ የተተከለ ይመስላል። «መቅደሙስ ቀላል ነው» ይላል እዚህ ሲደርስ። «ሞተር ካለህ ትቀድማለህ። ሰው የሚያልቀው ሲመለስ ነው።» አብራሪው መሪውን አጥብቆ ስቦ እየታጠፈ ፍጥነቱ ከድምፅ በታች ሲወርድ፣ ያ ወደ ኋላ የሸሸው ጉልበት በድንገት ወደ ቦታው ይመለሳል። ድንጋይ የነበረው መሪ ቅቤ ይሆናል፤ አፍንጫው ሽቅብ ይዘላል። እጁን ቶሎ ያላላ ይተርፋል። ያንኑ ያህል እንደሳበ የቀረ ግን ክንፉን በገዛ እጁ ይሰብራል። ቀኝ መዳፉ ዘልላ ስትገለበጥ ሴቶቹ ያማትባሉ፤ ወንዶቹ ብርጭቋቸውን ያነሳሉ።

እኔ በኮሌጅ ሎጂክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከምሳሌ ወደ ሰው ሕይወት መዝለል እንደማያስተማምን ለተማሪዎቼ ስነግር ነው ያረጀሁት። ቢሆንም ገበየሁን ባየሁት ቁጥር ከዚያ ፍጥነት እጁን ሳያላላ የተመለሰ ሰው ይታየኛል።

የተወለደው ሊሙ ገነት ነው። አባቱ ከሸዋ ተመድበው የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ተመልምሎ ገባ፤ ሶቭየት ኅብረት ተልኮ በተዋጊ ጄት ተመረቀ፤ ተመልሶ በረረ፣ ቆይቶም የሌሎች አስተማሪ ሆነ። ጦርነቱን አያወራም፤ አየሩን ብቻ ነው የሚያወራው። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ካምፕ ውስጥ ከርሞ ከወጣ በኋላ፣ የሚስቱ የሙሉእመቤት ወላጆች ወዳሉበት ወደ ጅማ መጣ። እዚህ የሚበር ነገር አልጠበቀውም። የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ተቀጥሮ፣ ቡና ጭነው ጊቤን ለሚወርዱ የወደፊት የአይሱዙ ሾፌሮች የፍሬን ርቀት ማስተማር ጀመረ።

ሰልጣኞቹ ይቀልዱበት ነበር። አንዴ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ፣ ባጃጅ ከድምፅ ይፈጥን እንደሆነ ጠየቀው። «አንተ ከነዳኸው ነፍስህ ትፈጥናለች፤ ባጃጁ መንገድ ላይ ይቀራል» አለው ገበየሁ፣ ሳይስቅ። ስለ ጭነት ሲያስተምር ግን ቀልድ አይወድም። የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ ጆንያ ሁሉ ወደ ኋላ ተከምሮ ሲያይ ይቆጣል። ጭራው የከበደ ነገር አንዴ አፍንጫውን ካነሳ ማውረጃ የለውም፣ በምድርም ቢሆን በሰማይ፤ የፊት ጎማ መሬት ካልጨበጠ መሪው ጌጥ ነው ይላቸዋል። ልጆቹ ሰማይ ምን አመጣው ብለው ይተያያሉ።

አንዲት ልጅ ወለደ፣ ዘግይቶ። ናዝራዊት ትባላለች። ገና እግሯ መሬት ሳይደርስ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ያስቀምጣት ነበር። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ በጉልበቶቿ መካከል ያስይዛታል፤ መሪ ነው። ከዚያ ከኋላዋ ቆሞ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል። መንቀጥቀጥ ማለት ክንፉ አየሩን መጨበጥ እያቃተው ነው፤ ስቶል ሊገባ፣ ማለትም ሊወድቅ ነው።

«ምን ይደረጋል?» ይላታል።

«ኃይል መስጠት! መሪውን መያዝ! ከፍታ አለመልቀቅ!»

ትምህርቱ ለእሱ አውሮፕላንና ለእሱ ዘመን ልክ ነበር። ተዋጊ ጄት የማያልቅ የሚመስል ጉልበት ከኋላው አለው፤ በተራራ መካከል ዝቅ ብሎ ለሚበር ሰው ደግሞ ከፍታ ማለት ዕድሜ ነው። ከፍታቸውን የለቀቁ ጓደኞቹ የት እንደቀሩ ግራ መዳፉ ታውቃለች። ይሁን እንጂ ቃሉ ከበረራ አልፎ የቤቱ ሃይማኖት ሆነ። ፈተና ሲበላሽባት፣ ጓደኞቿ ሲያገቡ፣ ሰፈሩ ሲያማት፣ አባቷ የሚላት አንድ ነገር ነው። ከፍታ አትልቀቂ።

አልለቀቀችም። እዚሁ ጅማ ምሕንድስና ተምራ ጨረሰችና አዲስ አበባ ላለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ተወዳድራ ገባች። እዚህ ላይ እኛ ማኅበርተኞች የሠራነውን መናገር አለብኝ። ሌላው አገር ሰው የሚሾመው ሲጨርስ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲሄድ ነው። ልትሄድ በተነሳችበት ሰሞን በግ ታረደ፤ ቄሱ መረቁ፤ ከሊሙ ገነት የመጣው የቡና ነጋዴው ጋሽ ፈየራ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳና፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ካፒቴን ናዝራዊት ነው፣ በሌላ የሚጠራት ከእኔ ጋር ይጣላል አለ። እልል ተባለ። በሳምንቱ የባጃጅ ሾፌሩም ባለሱቁም ካፒቴን እያሉ ይጠሯት ጀመር። ልጅቷ ገና አንድም ጊዜ ከመሬት አልተነሳችም። እንዲህ ያለው ሹመት ክፋቱ የሚሽረው አካል የሌለው መሆኑ ነው።

በትንንሾቹ አውሮፕላኖች በምስጋና አለፈች። ወደ ጄቱ ሲዞሩ፣ ክረምቱ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ቤት መጣች። ገበየሁ ለማኅበሩ ዕረፍት ተሰጥቷት ነው አለ። ለእኔ ብቻ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ዣንጥላው ስር አስጠግቶ እውነቱን ነገረኝ። በሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ ተተክሎ ሁለመናው አውሮፕላን በሚመስለው ክፍል፣ የተሰጣትን ፈተና ወድቃለች። ደግማ እንድትፈተን ተፈቅዶላታል፤ ያንንም ከወደቀች ትሰናበታለች፣ ሌላ ዕድል የለም።

«ለምን ወደቀች?» አልኩት።

«ዘመድ የላትም። የጅማ ልጅ ናት፣ ማንን ይፈራሉ?»

ግማሽ አመንኩት። እዚህ አገር እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ ግማሹ እውነት ስለሆነ፣ ሌላውን ግማሽ ማንም አይፈልገውም።

ወንበሩ እንደገና በረንዳ ላይ ወጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሙሉእመቤት ከውስጥ ሆና ልጅቷን ተዋት ትላለች፤ ገበየሁ ከኋላ ቆሞ መደገፊያውን ያንቀጠቅጣል። ናዝራዊት የረዘመ እግሯ አላመች እያላት የመጥረጊያውን እንጨት ይዛ «እሺ አባዬ» ትላለች። ኃይል። መሪ። ከፍታ። እሺ አባዬ። ፊቷን አየሁት፤ መልሱን የምታውቅ ተማሪ ፊት አልነበረም። መልሱ ስህተት መሆኑን እያወቀች የምትመልስ ሰው ፊት ነበር። ይህንን ፊት ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ፤ አልሳሳትም።

እሱ ማሰልጠኛ በሄደበት አንድ ጠዋት ጠየቅኳት። መጀመሪያ አባቷ እንዳይሰማ ቃል አስገባችኝ። ከዚያ እንደ ትምህርት አድርጋ አስረዳችኝ። መንገደኛ የሚጭን ጄት በጣም ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል። ዝግ ካለ ክንፉ አየሩን መጨበጥ ያቅተዋል፤ ከፈጠነ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋና ይንቀጠቀጣል። ዝቅ ብሎ ሲበር ሁለቱ ይራራቃሉ፤ እዚያ ላይ ግን ይቀራረቡና መካከላቸው የሚቀረው መንገድ የፍየል መሄጃ ያህል ነው። ፈታኙ ፍጥነቱን ቀነሰባት፤ አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ። መፍትሔውን ታውቀዋለች፤ በጽሑፍ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው በዚሁ ነው። መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ፣ ክንፉ አየሩን መልሶ እንዲጨብጥ፣ ከፍታን ሰጥቶ ፍጥነት መግዛት። እዚያ ላይ ሞተሩ ትርፍ ጉልበት የለውም። እጇ ግን ኃይሉን ወደ ፊት ገፍቶ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፣ ከፍታ ላለመልቀቅ። አውሮፕላኑ ወደቀ።

«አውቅ ነበር እኮ ጋሼ» አለችኝ። «ሲንቀጠቀጥ ግን የተሰማኝ የአባዬ ድምፅ ነው።»

ታዲያ ለምን አትነግሪውም፣ ለምንስ ያ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ አልኳት።

«ምን ልበለው? ያስተማርከኝ ነው የጣለኝ ልበለው? ከዚያ ሁሉ በረራ የቀረችለት ይቺ ወንበር ናት።»

ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን ከውጭ ሲያዩት አክብሮት ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው፦ የምንወደውን ሰው እውነት አይችልም ብለን ፈርደንበታል ማለት ነው። ፍርዱንም እሱ ሳይሰማ እናስፈጽማለን። ይባስ ብሎ እያንዳንዷ «እሺ አባዬ» ለእጇ ልምምድ ነበረች። ልጅቷ አባቷን ላለማሳዘን ስትል የምትወድቅበትን ነገር በየቀኑ እየተለማመደች ነበር። ፈተናውም እየቀረበ ነበር።

ገበየሁ ደግሞ አብሬያት እሄዳለሁ አለ። ከፈታኞቹ ጋር አስተማሪ ለአስተማሪ ሊነጋገር። ናዝራዊት ይህንንም እሺ አለች። እኔም ለዓይኔ ሐኪም ቀጠሮ ስለነበረኝ በአንድ ሚኒባስ ማልደን ተነሳን። እሱ ፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ አሰንዳቦ እስክንደርስ ግን ወደ ፊት ያየበት ጊዜ ትንሽ ነው። ወደ ኋላ ዞሮ ልጁን ያስጠናል። አንዲት ተሳፋሪ ይቺ ልጅ ፓይለት ናት እንዴ ብላ ጠየቀች፤ ካፒቴን ናት አላት። ናዝራዊት በመስኮት ወደ በቆሎው ትመለከት ነበር።

ሰኮሩ ለቁርስ ቆምን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ዙቤይዳ ሁለት ልጆቿ መንጃ ፈቃድ ያወጡት በገበየሁ እጅ ነው። ገና ከበሩ ስንገባ «ኮታ፣ ኮታ፣ ግቡ!» እያለች መጣችና ናዝራዊትን አገላብጣ ሳመቻት።

«ማሻአላህ፣ ካፒቴን! መቼ ነው በሰኮሩ ላይ የምታልፊው? ንገሪኝና ኢንሻአላህ ነጠላዬን አወዛውዝልሻለሁ።»

«እስኪ ቁጭ በይ፣ ላሳይሽ» አላት ገበየሁ። ደስ ብሎታል፤ ታዛቢ አገኘ። እንጀራ ፍርፍሩን ገፋ አደረገና ቀኝ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ከፍ አድርጎ ዘረጋ። መዳፉን አንቀጠቀጠ። «ናዚ፣ በይ ለዙቤይዳ ንገሪያት። ሲንቀጠቀጥ ምን ታደርጊያለሽ?»

እሺ አባዬ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ናዝራዊት የአባቷን መዳፍ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ የጣቶቹን ጫፍ ያዘችና ወደ ታች አዘነበለቻቸው።

«ይሄን» አለች። «መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ።»

ገበየሁ ሳቀ። «ከፍታውስ?»

«እለቀዋለሁ።»

«ማነው ደግሞ እንዲህ ያለሽ?»

«ትምህርት ቤቱ። የወደቅኩት እሱን ትቼ አንተ ያልከኝን ስላደረግኩ ነው፣ አባዬ። ዘመድ ስለሌለኝ አይደለም።»

ዙቤይዳ መውደቅ የሚለውን ስትሰማ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና፣ ቀስ ብላ ተነስታ የሌላ ጠረጴዛ ሳህን ማንሳት ጀመረች። ገበየሁ እጁን አልሰበሰበም። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቢቆጣ ይሻል ነበር ብዬ እስካሁን አስባለሁ። እሱ ግን አስተማሪ ነበርና፣ ያለ ፍላጎቱ ማሰብ ጀመረ።

«ሞተሮቹ የት ናቸው?» አላት።

«ከክንፉ በታች።»

«እንግዲያው ኃይል ስትሰጪው አፍንጫውን ያነሱታል።»

«ያነሱታል።»

«እዚያ ላይ ትርፍ ጉልበትም የለውም።»

«የለውም።»

ጥያቄ አለቀበት። በራሱ ላይ ምስክር ጠርቶ፣ ጠይቆ፣ ፈርዶ የጨረሰ ዳኛ ይመስል ነበር። መዳፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። «ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?» አለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም። ወንበሩን፣ ዝናቡን፣ እሺ አባዬን ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሰ እንደነበር ከፊቱ ይነበባል። ልጁ እንዳዘነችለት ገባው። አንድ ወታደር ይህን ሲያውቅ ምን እንደሚሰማው እኔ አላውቅም፤ ሲሰማው ግን አይቻለሁ።

ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ተነሳን። ገበየሁ ቦርሳዋን ይዞላት እስከ በሩ መጣና ቆመ። እሱ አይመጣም።

«ከመምህር ጋር ሂጂ» አላት ወደ እኔ እያመለከተ። «እኔ ከኋላሽ ስሆን ጭራ አከብድብሻለሁ።»

ጉልበቱን ሳመችው። ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና ሊጠብቅ መንገዱን ተሻገረ። ሚኒባሱ ሲነሳ ዘወር ብሎ አላየንም። ጊቤን ስንወርድ ናዝራዊት አላለቀሰችም፤ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ወደ ታች ታዘነብላለች፣ ትመልሳለች፣ ታዘነብላለች። እስከ ወልቂጤ እንደዚሁ።

አለፈች። የደወለችው ለእናቷ ነው። ሙሉእመቤት ስልኩን ይዛ እየሮጠች ስትነግረው፣ ገበየሁ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ አሉ። ወንበሩ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ተመልሷል። የመጥረጊያው እንጨት የዶሮ ቤት መቀርቀሪያ ሆኗል።

የሰኮሩ ወሬ ግን ከእሱ ቀድሞ ነበር ጅማ የደረሰው። ለካ ወድቃ ነው፣ ለካ ያስወደቃት እሱ ነው ተባለ። ማሰልጠኛ ውስጥ ጭራ ስለሚከብድ መኪና ሲናገር አንዱ፣ ይሄስ ልክ ነው ሻምበል ወይስ ይሄም ተለውጧል አለው። ልጁ ለቀልድ ነው ያለው። ገበየሁ ቾኩን አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ክፍል አልተመለሰም። ልክ የነበረውን ትምህርት ስህተት ከሆነው ጋር አብሮ ጣለው። ዓለም ሰውን እንዲህ ነው የምታራግፈው፤ የትኛው እንዳረጀ የትኛው እንዳላረጀ ለይታ አትነግረውም።

ናዝራዊት ተመርቃ ስትመጣ ማኅበሩ እንደገና ተሰበሰበ። ጋሽ ፈየራ ተነስቶ፣ ካፒቴን ብዬ ሾሜያት አልነበር? ይኸው አላሳፈረችኝም አለ። መሃል ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አላነሳውም። ናዝራዊት ገና ረዳት አብራሪ መሆኗን ልታስረዳ ሞከረች፤ የሚሰማት አልነበረም። ጠላው አንድ ዙር ከዞረ በኋላ፣ ከልማድ የተነሳ፣ አንዱ ወደ ገበየሁ ዞረ።

«እስቲ ሻምበል፣ ያቺን የድምፁን።»

ገበየሁ እጆቹን ጋቢው ውስጥ አስገባ። «እሷን ጠይቋት» አለ። «የእኔው አርጅቷል።»

ሁሉም ወደ ናዝራዊት ዞረ። አባቷን አየችው፤ አላያትም። ከዚያ ነገረቻቸው፣ በደንብ ነገረቻቸው፣ አጠር አድርጋ፣ እጆቿን ሳታነሳ። አንዳቸውም አልገባቸውም። እሰይ፣ እሰይ ተባለ፤ ብርጭቆ ተነሳ።

እኔ ከጎኑ ነበርኩ። እሷ የመመለሱ ነገር ላይ ስትደርስ፣ ጋቢው ቀኝ እጁ ባለበት በኩል ትንሽ ከፍ ሲል አየሁ፤ ጥቂት ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ። ሌላ ሰው ያየው አልመሰለኝም።